«ኤይቲን ፊፍቲ» ብላ የጻፈችው ቼክ ሦስት ጓደኛሞችን አኳረፈ!

ቼክ ምን አላት? ብጣሽ ወረቀት! ቀን ትጽፋለህ፣ ስም ትጽፋለህ፣ የብሩን መጠን ታሰፍራለህ፣ ትፈርማለህ… አለቀ ደቀቀ! እንዲህ የሚል ሰው ካለ የዛሬውን ጨዋታችንን እስከ መጨረሻው ይከታተለን። በተለይ አንድ ቀን ባሕር ማዶ የመሻገር ሐሳብ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ እህት ወንድም ያላችሁ፣ ጆሮ ስጡን።

ወጣቷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች። ያረፈችው ከዋሽንግተን ዲሲ አፍንጫ ሥር፣ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባት ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንደ ብዙው አዲስ ገቢ ብቻዋን ቤት ለመከራየት አቅም አልነበራትም። ቀደም ብለው ከገቡ ሁለት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋራች። ኪራዩ በወር 1,850 ዶላር። ሁለቱ የየራሳቸው መኝታ ቤት ስላላቸው 650፣ 650 ዶላር ያወጣሉ፤ ሳሎን ሶፋ ላይ የምትተኛው እሷ 550 ትከፍላለች። የሕንፃው አስተዳደር ካሽ በእጁ አይነካም። ስለዚህ በየወሩ ተራ የደረሳት የሁሉንም ሰብስባ ባንክ ታስገባና በስሟ ቼክ ትጽፋለች።

በሦስተኛው ወር ተራው የእሷ ሆነ።

ጓደኞቿ 1,300 ዶላር ቆጥረው ሰጧት። ባንክ አስገባች። ማታ ከሥራ ስትመለስ አዲሱን የቼክ ደብተሯን ዘርግታ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ቼክ ጻፈች። ለቁጥር በተዘጋጀችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሰረዝም ነጥብም ሳታደርግ 1850 አለች። እጇ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነው መሰል 18ቱ ወደ ግራ፣ 50ው ፈንጠር ብሎ ወደ ቀኝ ተቀመጡ። በቃላት መጻፊያው መስመር ላይ ደግሞ ጓደኞቿ ስለ ኪራይ ሲያወሩ ሁልጊዜ የምትሰማውን «ኤይቲን ፊፍቲ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አሳምራ ጻፈች። ፈረመች። ቢሮው በር ላይ ባለው ሳጥን ከተተች። ተገላገልኩ አለች።

የት ተገላግላ!

ሳምንት አለፈ። ሂሳቧን ስታይ ገንዘቡ አልጎደለም። «ቼኩ ገና አልተመነዘረ ይሆናል» ብላ አለፈችው። ደሞዟም መሐል ላይ ገባ። ፋሲካ እየቀረበ ነበርና አዲስ አበባ ላሉት እናቷ 300 ዶላር ላከች። እናት መረቁ፣ ጎረቤት መረቀ፣ በግ ተገዛ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በራቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። «ለዚህ ወር የተከፈለን 18.50 ዶላር ነው። ቀሪውን 1,831.50 ዶላር ከነመቀጫው ክፈሉ፤ አለበለዚያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል» ይላል።

ወይ ጉድ! ያን ዕለት ማታ እዚያ ቤት ውስጥ የተባለው ሁሉ እዚህ አይጻፍም። «ብራችንን ቅርጥፍ አድርጋ በልታ ነው!» አለች አንዷ። ሁለተኛዋ ምንም አልተናገረችም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ልጅቷ ምላ ተገዝታ «ከፍያለሁ!» ትላለች። ግን ስልኳን ከፍታ ሂሳቧን ስታሳያቸው ሊኖር ከሚገባው 300 ዶላር ጎደለ። ለፋሲካ የተላከው ነዋ! የሰው ገንዘብ መሆኑን ሳታውቅ ከሰው ገንዘብ ላይ ቆንጥራ ልካለች። ታዲያ ማን ይመናት?

ጋሼ ቼኩን ሲያዩት

ልጅቷ ከምትሠራበት ሱቅ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ አንድ ጋሼ አሉ። አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሠራተኛነት የገፉ ናቸው። ዓይኗ አብጦ ሲያዩ ጠየቋት። ነገረቻቸው። የቼኩን ፎቶ በስልኳ ከባንኳ አውጥታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ አገር ቤት ቼክ ጽፈሽ አታውቂም?»

«ቼክማ የነጋዴ ነው ጋሼ። እኛ ያለን የቁጠባ ደብተር ነበር።»

«እንግዲያውስ ስሚኝ። ኤይቲን ፊፍቲ በአፍ ሲወራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ነው። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን አሥራ ስምንት ከሃምሳ ሳንቲምም ይሆናል። የቁጥሩም ሳጥን እንደዚያው ነው የሚያነበው። ባንኩ ምን ያድርግ? አንቺ ያዘዝሽውን ከፈለ።»

ልጅቷ እዚያው ቆማ ቀረች። አልሰረቀችም። አልዋሸችም። የንግግር ቋንቋ ቼክ ላይ ጻፈች፤ በቃ ይኸው ነው ጥፋቷ።

ለምን ሁለት ጊዜ ይጻፋል?

አንድን ገንዘብ አንዴ በቁጥር አንዴ በቃላት መጻፍ ለጌጥ አይደለም። ቁጥር እንደ ልብ ይታለላል። 1 ላይ ትንሽ ጭረት ቢጨመር 7 ይሆናል። 100 ላይ አንድ ዜሮ ቢቀጠል 1,000 ነው። ቃል ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም። «አንድ መቶ»ን «አንድ ሺህ» ለማድረግ መፋቅ መደለዝ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ያሳጣል።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የንግድ ሕግ ቃልና ቁጥር ሲጋጩ ቃሉ ይገዛል የሚለው። በሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር ለንባብ እንዲመች የተቀመጠ ነው፤ ትእዛዙ ያለው በቃላት መስመሩ ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ዛሬ ቼክ የሚያነበው ማሽን በአብዛኛው የሚያየው የቁጥር ሳጥኑን ነው። ነገር ከተነሳ ግን የሚፈረደው በቃሉ ነው። ቃሉ ራሱ ግራ ካጋባ ደግሞ ቁጥሩ ይታያል። የእህታችን ችግር ሁለቱም በአንድነት መሳሳታቸው ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችን ተመሳሳይ መርህ ይከተላል። አገር ቤት በቼክ ላይ «ብር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ከ50/100» ብለን ስንጽፍ አባቶቻችን የያዙት ጥንቃቄ ያው ነው። ለክብ ገንዘብ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ብቻ» እንላለን፤ ሌላ ሰው ቀጥሎ እንዳይጽፍበት!

የቼኩ መስመሮች

እስቲ የአሜሪካን ቼክ ፊታችን አስቀምጠን እንየው።

ከላይ በስተቀኝ ቀን አለ። ልብ በሉ! አሜሪካኖች ወርን አስቀድመው ነው የሚጽፉት። 3/7 ብትሉ ለእነሱ ማርች 7 ነው እንጂ የሐምሌ ወሩ ጁላይ 3 አይደለም። ስጋት ያለው የወሩን ስም በፊደል ይጻፈው።

ቀጥሎ ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ወይም ድርጅት ስም ይሰፍራል። ስሙን ባዶ ትቶ መፈረም ማለት ኪስን ከፍቶ መርካቶ መሐል መቆም ነው፤ ያገኘው ሁሉ ስሙን ይሞላበታል።

ከስሙ በስተቀኝ የቁጥር ሳጥን አለች። ከዶላር ምልክቱ ጋር አጣብቃችሁ ጀምሩ፤ ክፍተት ከተዋችሁ ከፊቱ ሌላ ቁጥር ይገባበታል። ሺህን በነጠላ ሰረዝ፣ ሳንቲምን በነጥብ ለዩ። ሳንቲም ባይኖርም .00 ማለትን አትርሱ። እህታችን 1,850.00 ብላ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ከሥሩ ረጅሙ መስመር የቃላቱ ነው። መጨረሻው ላይ «ዶላርስ» የሚል ታትሟል፤ ስለዚህ እናንተ ዶላር የሚለውን ደግማችሁ አትጽፉም። ታች በስተግራ ማስታወሻ መጻፊያ አለ። «የኤፕሪል ኪራይ፣ ቤት ቁጥር ይህን ያህል» ብትሉበት ነገ ክርክር ሲነሳ ይጠቅማችኋል። በስተቀኝ ፊርማ። ከሁሉም በታች የተደረደሩት ቁጥሮች የባንኩ መለያ ባለ ዘጠኝ አሐዝ ቁጥር፣ የሂሳብ ቁጥራችሁና የቼኩ ቁጥር ናቸው። ስለዚህ የቼክ ፎቶ አንስቶ ለማንም መላክ የሂሳብ ቁጥርን እንደ ከረሜላ መበተን ነው።

ቃላቱን እንዴት እንጻፍ?

ጋሼ ለልጅቷ የሰጧት ምክር አንድ ነው፤ «በአማርኛ አስቢውና በእንግሊዝኛ ጻፊው»። አማርኛ ሺሁን ሺህ፣ መቶውን መቶ ይላል እንጂ «አሥራ ስምንት ሃምሳ» አይልም። ስለዚህ 1,850 ዶላር «ዋን ታውዘንድ ኤይት ሃንድረድ ፊፍቲ ኤንድ 00/100» ተብሎ ይጻፋል። ሺህ ታውዘንድ፣ መቶ ሃንድረድ፣ «ከ» ደግሞ ኤንድ!

አዎ፣ «ኤንድ» የእኛ «ከ» ናት። ቦታዋ አንድ ብቻ ነው፤ በዶላሩና በሳንቲሙ መሐል። ከሃንድረድ ቀጥሎ ኤንድ የሚሉ አሉ፤ በንግግር ነውር የለበትም፤ ቼክ ላይ ግን ተዉት። ኤንድን ያየ ሰው «አሁን ሳንቲም መጣ» ብሎ እንዲረዳ አንዴ ብቻ ትግባ።

ሳንቲም በቃላት አይጻፍም። ከመቶ ስንት መሆኑ በክፍልፋይ ይቀመጣል። ሃምሳ ሳንቲም 50/100፣ አምስት ሳንቲም 05/100 ነው። አምስትን 5/100 ብቻ ብትሉ ከፊቱ ሌላ አሐዝ ሊጨመርበት ይችላልና ዜሮዋን አትናቋት።

ከ21 እስከ 99 ያሉት ባለ ሁለት ቃል ቁጥሮች በመሐላቸው ትንሽ ሰረዝ ይገባል፤ ቱዌንቲ-ዋን፣ ሰርቲ-ፋይቭ፣ ናይንቲ-ናይን እየተባለ። ባትገባም ቼኩ አይወድቅም፤ ብትገባ ግን ቃላቱን አስተሳስራ ትይዛለች። ሃንድረድና ታውዘንድ ላይ ደግሞ ብዙ ቁጥር ለማድረግ «ኤስ» አትጨምሩ፤ ስምንት መቶም ቢሆን ኤይት ሃንድረድ ነው።

እስቲ ጥቂት ምሳሌ፦

9.05 — ናይን ኤንድ 05/100
86.30 — ኤይቲ-ሲክስ ኤንድ 30/100
215.00 — ቱ ሃንድረድ ፊፍቲን ኤንድ 00/100
1,005.00 — ዋን ታውዘንድ ፋይቭ ኤንድ 00/100
12,340.75 — ትዌልቭ ታውዘንድ ስሪ ሃንድረድ ፎርቲ ኤንድ 75/100

ከአንድ ዶላር በታች የሆነ ቼክ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከመጣ ግን «ዜሮ ኤንድ 75/100» ይባላል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ብዙ ሰው፣ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ጭምር፣ የሚሳሳቱት ፎርቲ ላይ ነው። ፎር (4) እና ፎርቲን (14) ሲጻፉ «ዩ» የምትባለው ፊደል አለቻቸው፤ ፎርቲ (40) ላይ ግን የለችም። ናይንቲ (90) ላይ ከናይን የመጣችው «ኢ» አትጠፋም። ኤይቲ (80) ላይ «ቲ» አንዴ ብቻ ነው የምትጻፈው።

ከሁሉ የሚብሰው የጆሮ ስህተት ነው። ሰርቲንና ሰርቲ፣ ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ኤይቲንና ኤይቲ ጆሮ ላይ መንትያ ናቸው። ሜካኒኩ «ፊፍቲ» ብሎ ሲጠራ እናንተ «ፊፍቲን» ብትጽፉ 35 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። ሲያጠራጥር ማፈር የለም፤ ቁጥሩን በወረቀት አስጽፉት። «ግራንድ»፣ «ኬ» ምናምን የሚባሉት የመንገድ ቃላት ደግሞ መንገድ ላይ ይቅሩ!

ቃላቱን ከመስመሩ ግራ ጫፍ ጀምሩ። ስትጨርሱ እስከታተመው «ዶላርስ» ድረስ ያለውን ባዶ ቦታ በረጅም መስመር ዝጉት። ይህች መስመር የእኛን «ብቻ» ሥራ ትሠራለች።

ከተበላሸ ይቀደድ!

ቼክ ላይ ስሕተት ከሠራችሁ አትፋቁ፣ አትሰርዙ፣ ደግማችሁ አታድምቁ። በትልቁ «ቮይድ» ብላችሁ ጽፋችሁበት፣ ቁጥሩን መዝግባችሁ ሌላ ጻፉ። እርሳስ የሚባል ነገር አይነካም። በተራ እስክሪብቶ የተጻፈን ቼክ በኬሚካል አጥበው ስሙንና የገንዘቡን መጠን የሚቀይሩ ሌቦች አሉ። ፊርማችሁ ሳይነካ፣ 40 ዶላር የነበረው 4,000 ሆኖ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ጥቁር ጄል እስክሪብቶ የሚመከረው ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባና ለመታጠብ ስለሚያስቸግር ነው። ቼክ ያለበትን ፖስታ ደጃፍ ባለ የፖስታ ሳጥን ውስጥ አሳድሮ መሄድም ለሌባ ድግስ መጥራት ነው፤ ፖስታ ቤት ገብታችሁ ስጡ።

አንዳንዱ ደግሞ «ገንዘብ የሚገባልኝ አርብ ነው፤ የአርብን ቀን ጽፌ ዛሬ ልስጥ» ይላል። ተሳስቷል። ለባንኩ አስቀድሞ ካላስታወቀ ባንኩ ከቀኑ በፊትም ሊከፍለው ይችላል። ድሮ ወረቀቱ ከባንክ ባንክ እስኪጓዝ ጥቂት ቀናት ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2004 ጀምሮ ግን ባንኮች በወረቀቱ ፈንታ ምስሉን መለዋወጥ እንዲችሉ ሕግ ስለወጣ ዛሬ የሰጣችሁት ቼክ ነገ ሂሳባችሁን ሊያንኳኳ ይችላል።

ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ፣ ማለትም ደረቅ ቼክ፣ እዚያም አያስመሰግንም። ባንኩ ይቀጣል፣ ተቀባዩም ይቀጣል፤ ሆን ብሎ ለማታለል የጻፈው ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። አገር ቤትማ ነገሩ የታወቀ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 ስንቱን ነጋዴ ከሱቁ ወደ ማረፊያ ቤት እንደወሰደ የሰማ ይናገር።

ተቀባይ ስትሆኑም ዓይናችሁን ግለጡ። የማታውቁት ሰው ከጠየቃችሁት ገንዘብ በላይ ቼክ ጽፎ «ትርፉን መልስልኝ» ካለ ሽሹ! ባንኩ ገንዘቡን በጥቂት ቀን ውስጥ ሂሳባችሁ ላይ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባንኩ ገንዘቡን ከእናንተ ይወስዳል። የላካችሁት ትርፍ ግን የማይመለስ ነው። በሂሳብ ላይ መታየትና መጽዳት ለየቅል ናቸው።

ቼክ አልሞተም እንዴ?

«በስልክ ብር በሚላክበት ዘመን ምን የቼክ ወሬ ታወሩናላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቼክ እየከሰመ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሠረት፣ ከመስከረም 30 ቀን 2025 ወዲህ ጥቂት ጉዳዮች ካልሆኑ በቀር የወረቀት ቼክ ማውጣት እንዲያቆም ተወስኗል። ነገር ግን የቤት አከራዩ፣ ቧንቧ ጠጋኙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የልጆች ትምህርት ቤቱ ዛሬም ቼክ ይቀበላሉ። አልፎ አልፎ ስለሚጻፍ ደግሞ ይረሳል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ጋሼ አብረዋት ወደ ቤት ሄዱ። ሁለቱን ሴቶች አስቀምጠው የቼኩን ፎቶ አሳዩአቸው። 18.50 ብቻ ከሂሳቡ እንደወጣ፣ የቀረው እዚያው እንዳለ፣ 300ው ወዴት እንደሄደ አስረዱ። ልጅቷም ለእናቷ የላከችበትን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። 300ውን ጋሼ አበደሯት። መቀጫውን እሷ ከፈለች፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ። ሥራ እየደረበች በሁለት ወር ውስጥ የጋሼን ዕዳ መለሰች።

ምንም ያልተናገረችው ጓደኛ በማግስቱ ቡና አፍልታ ጠራቻት። «በልታ ነው» ያለችው ግን ለመታረቅ ጊዜ ፈጀባት። የተነገረ ቃል እንደ ቼክ አይደለም፤ «ቮይድ» ተብሎ አይጻፍበትም።

ዛሬም ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ጋሼ በእጃቸው የጻፉላት ታጥፋ ያረጀች ወረቀት አለች። ከአንድ እስከ ሃያ፣ ከዚያ በአሥር በአሥር እስከ መቶ፣ ከታች ደግሞ «ኤንድ = ከ» የሚል። እናንተም ይቺን ገጽ ቆርጣችሁ ለሚሄድ ሰው ስጡልን። ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ቦታ አታጣም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!